የሕፃኑ ደመወዝ የማን ነው?

ጋሪ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ2010 በ42 ዓመቱ ሲሞት ብዙዎች የተረኩት የተለመደውን ታሪክ ነበር፤ በልጅነቱ ገንኖ ካደገ በኋላ የወደቀ ሰው ታሪክ፡፡ ዝና ብቻውን ጥፋተኛ መደረጉ ግን አይዋጥልኝም፡፡ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ጋሪ ከ1978 እስከ 1986 በታየው «ዲፍረንት ስትሮክስ» በተባለ ተከታታይ ኮሜዲ አሜሪካንን ያሳቀ ልጅ ነው፡፡ ቁመቱ ያላደገው በኩላሊት ሕመምና በሕክምናው ምክንያት ነበር፡፡ ተመልካቹ ይስቅ የነበረው በበሽታው ላይ ጭምር ነው ማለት ነው፡፡ በ1989 ወላጆቹንና የቀድሞ አማካሪውን «ገንዘቤን ያላግባብ ወስዳችኋል» ብሎ ከሰሰ፡፡ በ1993 ፍርድ ቤት 1.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደለት፡፡ ያም ሆኖ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኑሮውን የሚገፋው በጥበቃ ሠራተኝነት ነበር፤ በ1999 ደግሞ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፡፡

ለመሆኑ ካሊፎርኒያ ሕግ አልነበራትም? ነበራት እንጂ! በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» ላይ የሠራው ጃኪ ኩገን በልጅነቱ ሚሊዮኖች አግኝቷል፡፡ አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ አጣው፤ በ1938ም እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ፡፡ በጊዜው ሕግ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ የሠራበት ገንዘብ የወላጁ ነበርና በእጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው፡፡ በ1939 በስሙ የሚጠራው «የኩገን ሕግ» የወጣው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሕጉ ግን ወንፊት ነበር፡፡ ጥበቃው የሚሠራው ውሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከጸደቀ ብቻ ነው፤ ካልቀረበ የለም፡፡ ገቢው የልጁ የግል ንብረት መሆኑ በግልጽ የተደነገገው ከ60 ዓመታት በኋላ፣ በ2000 ነው፡፡ አሠሪውም ከክፍያው 15 በመቶውን ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በማይነካ ሒሳብ እንዲያስገባ ተገደደ፡፡ ለጋሪ አልደረሰለትም፡፡

አሁን ደግሞ ነገሩ ከስቱዲዮ ወጥቶ ሳሎን ገብቷል፡፡ ልጁን እየቀረጸ በዩቲዩብ የሚለቅ ወላጅ አሠሪም፣ ሞግዚትም፣ ገንዘብ ያዥም ራሱ ነው፡፡ በመካከል ቀንሶ የሚያስቀምጥ ሦስተኛ ወገን የለም፡፡ የኢሊኖይ ግዛት ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ድርሻ እንዲቀመጥላቸው ያወጣችው ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ እየተሠራበት ነው፤ ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ተመሳሳዩን አጽድቃለች፡፡ እሰየው ነው፡፡ ነገር ግን ወላጅ ድርሻውን ሳያስቀምጥ ቢቀር ልጁ የሚቀረው መንገድ እናትና አባቱን መክሰስ ነው፡፡ ያውም በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ተርፎ ከተገኘ፡፡