ጭሱ ሳይጠየቅ ሞተሩ አይፈረድበት

አምስት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ቀን ለአሮጌ መኪና የሚሰጥ ሰው፣ ወዳጆቹ ስለ ጤንነቱ ቢጠያየቁ ሊቀየም አይገባም። እኔ አልተቀየምኩም። የገዛሁት ፊያት 850 ኩፔ ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ፣ ሁለት በር ያለው፣ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ ትንሽ የስፖርት መኪና። 843 ሲሲ የሆነው ሞተሩ ሲወለድ 47 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ ከማንኛውም ሚኒባስ ጋር ቢሽቀዳደም ይሸነፋል። ዳሩ ግን ቀን የባንክ መስኮት ላይ ተቀምጦ ማታ ግጥም የሚሞክር ሰው ውበትን በፈረስ ጉልበት አይለካም።

ችግሩ ጭሱ ነበር። መኪናዋን ላያት የሄድኩ ዕለት ባለቤቷ ሞተሩን አስነሥቶና አሙቆ ጠበቀኝ፤ እኔም ይህን እንደ እንግዳ አክባሪነት ቆጠርኩለት። አንባቢ ሆይ፣ አሮጌ መኪና ልትገዛ ስትሄድ ከሁሉ አስቀድመህ ሞተሩን በእጅህ ዳስሰው፤ ከሞቀ ነገ ተመልሰህ ና። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ሲነሣ የሚናገረውን የሞቀ ሞተር ይደብቀዋል።

ወሩ ኅዳር ነበር። በ1911 ዓ.ም. አገር ከጨረሰው ወረርሽኝ ጋር ስሙ የተያያዘው «ኅዳር ሲታጠን» ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። በሦስተኛው ጠዋት መኪናዋን ሳስነሣ ሰማያዊ ጭስ ግቢያችንን ሞላው። ጎረቤቴ እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው «ልጄ፣ ኅዳር 12 እኮ አለፈ፤ አንተ ገና እያጠንከን ነው» አሉኝ። ቀልድ ቢሆንም አፈርኩ። ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፎ በሚኖር የአራዳ ሰፈር የእኔ ውበት የእሳቸው ሳል እንዲሆን መብት የለኝም።

የሄድኩበት የመጀመሪያው ጋራዥ የኋላውን ክዳን ከፈተ፣ ጭሱን አየ፣ ፈረደ። «ፒስተን ጨርሷል። ሞተሩ ይውረድ።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የጠየቀኝ ዋጋ የመኪናዋን ግማሽ ያህል ነበር። ይህች ጽሑፍ በዚያ ፍርድ ላይ ያቀረብኳት ይግባኝ ናት።

በእኛ ሙያ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ቢጎድል መጀመሪያ ገንዘብ ከፋዩን ሌባ አንለውም። ብሩ እንደገና ይቆጠራል፣ ደረሰኙ ይገለበጣል፣ ጉድለቱ ከየትኛው ሰዓት እንደጀመረ ይፈለጋል። ለሞተርስ ይህ ክብር ለምን ይነፈገዋል? ጭስ በቀለሙ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። ነጭ ሆኖ በብርድ ጠዋት ታይቶ ከጠፋ ተራ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ ግን በቴስታታው በኩል ውኃ ወደ እሳቱ ክፍል እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው። ሆኖም ዘይቱ በየት በኩል እንደገባ ቀለሙ ብቻውን አይነግርም። የመጀመሪያው ፈራጄ የዘለላት ጥያቄ ይህቺ ናት።

መልሱን የሰጠችኝ ቸርችል ጎዳና ናት። የአራዳን ልሳን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን እያሉ የጣሊያንን ቃል እንደ አማርኛ የሚያወርዱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ «ሞተሩን ከመፍታትህ በፊት ቁልቁለቱን ጠይቀው» አሉኝ። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥተን በማርሽ እንደተያዘች እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቼ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድን። ስንወርድ ጭስ የለም። ከታች ደርሼ ነዳጅ ስሰጣት ግን አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጉም ከኋላችን ቦግ አለ፤ ከዚያም ጠፋ። ዳገቱን መልሰን ስንወጣ፣ ሞተሩ አብዝቶ በሚደክምበት ሰዓት፣ በመስታወቱ የማየው እምብዛም ነበር።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሞተሩ አፉ እንደታፈነ ሰው አየር ለመሳብ ይታገላል፤ ቫልቩ የሚመላለስባት ቱቦ ተበልታ ከሆነ በዚያ ስበት ዘይት ከላይ ይወርዳል፣ ይጠራቀማል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ይነድዳል። ሌሊትም ዘይቱ በዚያችው መንገድ ይንጠባጠባል፤ የጠዋቱ ጭስ እሱ ነው። ያረጁት የፒስተን ቀለበቶች ቢሆኑ ኖሮ ዳገቱ ላይ ባጋለጡን ነበር።

ቃላቸውን በመለኪያ አጸኑት። አራቱንም ካንዴላ ነቅለው የየሲሊንደሩን ግፊት ለኩ፤ አራቱ ተቀራራቢ ሆኑ። በየቀዳዳው አንዳንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደገሙ፤ ቀለበቶቹ ቢያረጁ ዘይቱ ክፍተቱን ሞልቶ ግፊቱ ከፍ ይል ነበር፤ ከፍ አላለም። አሃዙ በፋብሪካው መጽሐፍ ካለው ያነሰ መሆኑን አይቼ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን «መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ነው፤ እኛ ያለነው ተራራ ላይ ነው» አሉኝ።

ጉዳዩ ከእኔ መኪና ያልፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ጤነኛ ሞተር ሲለካም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይነበባል። መጽሐፉን ብቻ ያየ ሰው ደኅናውን ሞተር ሙት ብሎ ይቀብረዋል። ቶሪኖ ላይ የተመጠነ ካርቡሬተርም እዚህ በሳሳው አየር ውስጥ ቤንዚን ያበዛል፤ አርጅታለች የምትባል ስንት መኪና ጥቁር ጭሷ የከፍታው ዕዳ ይሆን?

«አሮጌ መኪና ይወገድ» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ጭሱን በተመለከተ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ የሚያጨስ መኪና ቅርስ ነው ተብሎ አይማርም። ነገር ግን ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያሉን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ ማለት ነው። እንግዲያው ምርመራን የማያውቅ ጋራዥ ሁለት ጊዜ ይጎዳናል፤ ጤነኛውን ሞተር በከንቱ ያስፈታል፣ ይህን ወጪ የፈራው ባለመኪና ደግሞ እያጨሰ መንዳቱን ይቀጥላል። (በዚያው ዓመት ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ አሮጌ ነገርን በችኮላ ስለመመልከት ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ለሌላ ቀን ይቆየኝ።)

ቴስታታው ብቻ ወረደ፤ ሞተሩ ከቦታው አልተነሣም። የቫልቮቹ ቱቦዎች ቶርኖ ቤት ተቀይረው ተመለሱ፤ የከፈልኩት መጀመሪያ ከተጠየቅኩት ሲሶውን አይሞላም። ሰማያዊው ጭስ ቀርቷል። ዳገት ላይ አሁንም ትንሽ ጥቁር አያለሁ፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትመጥነው የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ ትቀየር ብለዋል ሽማግሌው። በመጪው እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቀጥረውኛል፤ ሞተሩን ሳላሞቅ እንድመጣ አስጠንቅቀውኛል።