ስለ ሕፃናት እርግብግቢትና ስለ ራስ ቅል ዕድገት

አራስ ለመጠየቅ የሚገቡ ሴቶች ሕፃኑን ሲቀበሉ እጃቸው አስቀድሞ ወደ አናቱ ይሄዳል። በዚያ ለስላሳ ሆኖ እንደ ልብ ሲመታ የሚታየውን ሥፍራ እርግብግቢት ይሉታል፤ ስሙም ከሥራው የወጣ ነው፥ ይርገበገባልና። አንዳንዶች ቅቤ ያኖሩበታል፥ አንዳንዶችም ነፋስ እንዳይነካው በጨርቅ ይሸፍኑታል፤ ቀድሞ ወንዱን ልጅ ሲላጩ ቁንጮ የሚተዉለትም በዚሁ አካባቢ ነበር። ይህ ሁሉ ከእናት ፍቅር የመጣ ነውና አንነቅፈውም። ቅቤውን በአናቱ ላይ መቀባት ብዙ አይጎዳም እንበል፤ ገና ለተወለደ ሕፃን ማላስ ግን ጎጂ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምዳችን ልንናገር የፈለግነው፥ ይህ ሥፍራ ስለ ሕፃኑ ጤና ምን እንደሚነግረን ነው።

የራስ ቅል ሲወለድ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ሳንቃ የመሰሉ አጥንቶች በስፌት ተያይዘው የቆሙ ናቸው፤ ይኸውም በምጥ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ተንሸራቶ ሕፃኑ በጠባቡ መንገድ እንዲያልፍ፥ ከተወለደም በኋላ በፍጥነት የሚያድገው አንጎል ሥፍራ እንዲያገኝ ነው። ስፌቶቹ በሚገናኙበት ቦታ ክፍተቱ ይሰፋል። እንዲህ ያሉት ክፍተቶች 6 ሲሆኑ እናቶች በጣታቸው የሚያገኙት ሁለቱን ነው። በማጅራት በኩል ያለው ትንሹ በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ይገጥማል። ከግንባር በላይ ያለው ትልቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይገጥማል፤ በደኅና ልጅም ላይ እስከ 2 ዓመት የሚቆይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የጎረቤቷ ልጅ በዓመቱ ገጥሞለት የእርሷ ያልገጠመለት እናት ስለዚህ ብቻ ልትጨነቅ አይገባትም። በላዩ ያለው ሽፋንም ጠንካራ ስለ ሆነ በቀስታ ማጠብና መንካት አያስፈራም።

ከመግጠሙ ይልቅ ዋናው ነገር የራሱ ዕድገት ነው። ይህንንም ለማወቅ ከልብስ ሰፊ ሜትር የበለጠ መሣሪያ አያስፈልግም። ሜትሩን ከቅንድቡ በላይ አድርጎ፥ በማጅራቱ በኩል ጎልቶ በሚወጣው አጥንት ላይ ዞሮ እንዲገጥም ማድረግ ነው። በሚወለድበት ጊዜ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች በየወሩ 2፥ በሚቀጥሉት 3 ወሮች በየወሩ 1፥ ከዚያም እስከ ዓመቱ በየወሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚቀር ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ራሰ ትልቅ የሆነ እንደ ሆነ ልጁም ያንኑ ይወርሳልና። በየወሩ ተጽፎ ሲቀመጥ ግን ከመጠን በላይ የሚሮጠውም የሚቆመውም ይታወቃል። ለክትባት በሚሄዱበት ቀን እንዲለካላቸው እናቶች ይጠይቁ እንላለን።

አሁን ወደ ጣና ዳርቻ እንውረድ። በሐይቁ ምዕራብ፥ በሰሜን አቸፈር ወረዳ፥ ቁንዝላ የምትባለው የጀልባ ወደብ አለች። ውሃው በደጅ ነውና ከሐይቁ ቀድቶ መጠጣት ቀላል ነው፤ ሳይፈላ የተጠጣ ውሃ ግን ለሕፃናት ተቅማጥን ያመጣል። ሕፃኑ ውሃው ከሰውነቱ ባለቀ ጊዜ እርግብግቢቱ ይጎደጉዳል፥ አፉ ይደርቃል፥ ያለ እንባ ያለቅሳል፥ ሽንቱም ያንሳል። በዚህ ጊዜ በብዙ የአገራችን ክፍሎች እንጥል የሚቆርጥ ወይም ግግ የሚያወጣ ሰው ይጠራል። ሕፃኑ የጎደለው ውሃ ሆኖ ሳለ ደሙን ማፍሰስ ምን ይጠቅመዋል? ምላጩ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍንና ሌላ መመረዝን ያመጣል። የሚገባው ጡት አዘውትሮ ማጥባት፥ ሕይወት አድን የተባለውንም ዱቄት አንዱን ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጦ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው። ጤና ኬላው የሚሰጠው የዚንክ ኪኒንም ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይሰጥ። ሕፃኑ ፈዞ መጥባት እንቢ ካለ ግን በቤት መቆየት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሕፃን ሲያለቅስ እርግብግቢቱ ጥቂት ቢነሣ የተለመደ ነው። ዝም ብሎ፥ ተቀምጦም ሳለ አብጦ ጠንክሮ ቢገኝ ግን፥ ይልቁንም ትኩሳት፥ ትውከት ወይም መንቀጥቀጥ ቢጨመርበት፥ የአንጎል ሽፋን በሽታ ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ማደር የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የመግጠሙ መዘግየት ነው። ዓመቱን አልፎ ክፍተቱ ሰፊ እንደ ሆነ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ በአገራችን ግን አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ ነው። ምክንያቱ የቫይታሚን ዲ ማነስ ነው፤ ይህም በቆዳችን ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የሚሠራ ነገር ነው። 13 ወር ፀሐይ በምንላት አገር የፀሐይ ረኃብ መኖሩ የሚያሳዝን ነው! በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፥ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል በ210ዎቹ ላይ ሪኬትስ ተገኝቶ ነበር፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 መካከል ግን በ20ዎቹ ብቻ ነበር። የደረቱ አጥንት ሲለሰልስ ትንፋሹም ይደክማልና።

ሪኬትስ የያዘው ሕፃን ግንባሩ ይወጣል፥ ጥርሱ ይዘገያል፥ የእጁ አንጓ ይወፍራል፥ ቆሞ ሲሄድም እግሩ ይቆለመማል። ምክንያቱ ከልማዳችን ጋር የተያያዘ ነው። ወንዱ እስከ 40፥ ሴቷ እስከ 80 ቀን፥ ክርስትና እስኪነሡ በአራስ ቤት ይከርማሉ፤ ከዚያም በኋላ ምች እንዳይመታቸው፥ የሰው ዓይን እንዳያገኛቸው ተብለው ተሸፋፍነው ይውላሉ። የክርስትናውን ሥርዓት ማንም አይነካም። ነገር ግን በጓሮ፥ ሰው በማያይበት፥ ቀትር ሳይደርስ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጁን፥ እግሩንና ጀርባውን ገልጦ ፀሐይ ማሞቅ ከሥርዓቱ ጋር የሚጣላ አይመስለንም። በመስተዋት መስኮት የሚገባው ብርሃን ለዚህ አይጠቅምም፤ የጡት ወተትም፥ ለሌላው ሁሉ የከበረ ሲሆን፥ ቫይታሚን ዲ በብዛት የለውም።

ስፌቱ ያለ ጊዜው የሚገጥምበትም ሁኔታ አለ፤ በዓለም ከ2,000 እስከ 2,500 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ራሱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያድግና ረጅምና ጠባብ ወይም ጠማማ ይሆናል፤ የሚስተካከለውም በቀዶ ሕክምና ስለ ሆነ በመጀመሪያው ዓመት ሐኪም ቢያየው የተሻለ ነው። በአንድ ጎን ሁልጊዜ ከመተኛት የሚመጣው ጠፍጣፋነት ግን ሌላ ነው፤ ጎኑን በመለወጥና በአንቀልባ በማዘል ይሻሻላል። ራሱ ክብ እንዲሆን በእጅ መጫን ግን ይቅር።

በአንጎል ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ደግሞ ራሱ ከልክ በላይ ይፋፋል፥ የአናቱ ደም ሥሮች ይጎላሉ፥ ዓይኖቹም እንደምትጠልቅ ፀሐይ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ። ጠበል መውሰዱን አንከለክልም፤ ሆኖም አንጎሉ በውሃው እየተጨመቀ ስለ ሆነ ሳምንቱ ዋጋ አለውና ሐኪሙም አብሮ ይታይ። ከቁንዝላ የመጣ ሰው በዱርቤቴ አድርጎ ባሕር ዳር ሲደርስ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎችን ያገኛል፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደሚቀጥለው ይላካል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ትምህርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ተጀምሮ አገሪቱ የራሷን ሐኪሞች ማውጣት ችላለች። በጎረቤታችን በኡጋንዳም፥ በምባሌ ከተማ፥ ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ ቱቦ በሰውነት ውስጥ ሳይተው ውሃውን የሚያፈስ አሠራር አስፋፍተዋል።

ይህ የውሃ መጠራቀም ብዙ ጊዜ የሚከተለው የአከርካሪ አጥንት ሳይገጥም የተወለደን ሕፃን ነው፤ እርሱም ከፎሌት ማነስ ጋር የተያያዘ ነው። መንግሥት በ2014 ዓ. ም. በፋብሪካ የሚፈጨው የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት ደንግጓል። የቁንዝላ እናት ግን እንጀራዋን የምትጋግረው በሰፈር ወፍጮ ካስፈጨችው ጤፍና ዳጉሳ ስለ ሆነ ይህ ዱቄት ከቤቷ አይደርስም። የሕፃኑ አከርካሪ የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ፥ ብዙዎች እርጉዝ መሆናቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ጎመን፥ ባቄላና ምስር ከምግቧ ሳታጓድል፥ ከማርገዟ አስቀድማ የፎሊክ አሲድ ኪኒን ከጤና ጣቢያ ትጠይቅ።