ቤቱ ሲፈርስ ቆርቆሮው ይትረፍ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ መንገድ አሮጌ የቆርቆሮ መጋዘን ጭኖ መምጣት ያዋጣል ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አዎ ነው። የሚያዋጣው ግን ፈትቶ ለሚጭን ሰው ነው። እንዳለ ተሸክሞ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ለክሬንና ለሙሉ መኪና የሚያወጣው ገንዘብ አዲስ ያሠራዋል። አሮጌ ቤት ርካሽ የሚሆነው በጥንቃቄ ሲፈርስ ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈው ከተሞቻችን ብዙ በሚያፈርሱበት ጊዜ ላይ ስለሆንን ነው።

ደሴ አጠገብ በገራዶ በኩል ያለው የዘመዶቼ ቅሬ (እድር) ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን የሚያኖርበት ቤት አልነበረውም። ዕቃው በአባላቱ ቤት ተበትኖ ነው የኖረው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ከአንዱ ቤት፣ ቋሚው ከሌላው፣ ድስቱ ከሦስተኛው ይለቀማል። ክረምት ሲገባ ሸራው ይሻግታል፣ አይጥም ይበሳዋል። ስለዚህ መጋዘን ይሠራ ተባለና ሒሳብ ተሠራ። ኮምቦልቻ ራሷ ቆርቆሮና ሚስማር የሚያመርት ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ነገር ግን ቆርቆሮ የሚሠራበት ጥቅል ብረት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ ቆርቆሮ ዋጋ ከቅሬ መዋጮ ጋር የሚቀራረብ አልሆነም።

በዚህ መሀል አዲስ አበባ የሚሠራ የሰፈሩ ልጅ ደወለ። ግቢያቸው ለመንገድ የተፈለገባቸው ሰዎች የጓሮ መጋዘናቸውን ይሸጣሉ፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣ አራት በስድስት፣ የላሜራ በር ያለው። የተጠየቀው ገንዘብ አዲስ ቆርቆሮ ብቻውን ከሚፈጀው ሲሶ አይሞላም። የቅሬው ሽማግሌዎች ተመካክረው «አንተ ከተማውን ታውቃለህና ሂድልን» አሉኝ።

እዚያ ስንደርስ የመጀመሪያው ጉዳይ ምን እንደሚጫንና ምን እንደሚቀር መለየት ነበር። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ ከመሬት የገባው ጫፋቸው በስብሷል፤ ደግሞም በደሴ ዙሪያ ተራራ ሁሉ ላይ ባሕር ዛፍ ሞልቶ ሳለ አጣና ከአዲስ አበባ መጫን ገንዘብ መጣል ነው። ማገሩንም ትተነዋል። የጫንነው ቆርቆሮውን፣ የጣሪያውን ሞራሌ፣ በሩን ከነማጠፊያውና ሁለት የመስኮት ክፈፍ ነው። ክዳኑ 32 ጌጅ ነበር፣ ግድግዳው ሳሳ ያለ 35። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው እንደሚወፍር የማያውቅ ገዥ ብዙ ጊዜ ይታለላል፤ ያገለገለ ቆርቆሮ ሲገዙ ጠርዙን በጣት ጫን ብሎ ማየትና ወደ ፀሐይ አንሥቶ ቀዳዳውን መቁጠር ይሻላል።

አነቃቀሉ ነው ቁም ነገሩ። ሚስማሩን በመዶሻ ጥፍር ይዞ በኃይል ከሳቡት የቆርቆሮው ጀርባ ይሰረጉዳል፣ ቀዳዳውም ይቀደዳል። የመጣልን አናጺ በመዶሻውና በቆርቆሮው መካከል ቁራጭ ጣውላ ያስገባና ሚስማሩን በቀስታ ያነሣዋል፤ ኃይሉን ጣውላው ይቀበላል፣ ቆርቆሮው አይነካም። እያንዳንዱ ቅጠል ሲወርድ ደግሞ በከሰል ይጻፍበታል፤ የጣሪያ ግራ አንድ፣ የጣሪያ ግራ ሁለት፣ የበር ጎን እያለ ይቀጥላል። አንድ ጎረምሳ በዚህ ተሰላችቶ «ቆርቆሮ ያው ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?» ቢለው አናጺው መልስ እንኳ አልሰጠውም፤ መጻፉን ቀጠለ። ገራዶ ላይ ስንገጥመው ሚስማሩ በአሮጌው ቀዳዳ ገብቶ ሲገጥም ያ ጎረምሳ አብሮን ቢሆን ደስ ባለኝ።

ቆርቆሮ ከመጀመሪያውም ለጉዞ የተሠራ ነገር ነው። ሞገዱን ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1829 በለንደን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የወደብ መሐንዲስ ነበር። ሞገዱ ስስ ብረት ሸክም እንዲችል ያደርገዋል፤ ለመጓጓዝ ያለው ጥቅም ግን ሌላ ነው። አንዱ ቅጠል በሌላው ሞገድ ውስጥ ልክክ ብሎ ስለሚተኛ ሙሉ ቤት የሚያለብስ ቆርቆሮ ተደራርቦ ሲቀመጥ ከአንድ አግዳሚ ወንበር የበለጠ ቦታ አይወስድም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ሙሉ የቆርቆሮ ቤት ፈትተው በመርከብ እስከ አውስትራሊያ ይልኩ ነበር፤ ከእነዚያ አንዳንዶቹ ዛሬም ሜልቦርን ውስጥ ቆመው ይጎበኛሉ።

ቤት ፈትቶ መጓዝን ለመማር ግን እኛ ያን ያህል መራቅ የለብንም። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው ከአፋር ቆላ የሚመጡትን ግመሎች ያውቃቸዋል። አርብቶ አደሩ አፋር ሰፈር ሲለውጥ ቤቱን የሚፈቱት ሴቶች ናቸው፤ የተቆለመሙትን እንጨቶች አስረው፣ የሰሌን ምንጣፉን ጠቅልለው በግመል ይጭኑታል፣ በደረሱበት መልሰው ይተክሉታል። የሚሰበር ነገር አያበዙም፣ በአዲሱ ሰፈር በቀላሉ የሚገኘውንም አይሸከሙም። አጣናውን አዲስ አበባ ትተን ስንመጣ ያደረግነው የእነሱን ነው።

ወደ ጭነቱ ልመለስ። የጭነት ደላላው ያቀረበልን ሙሉ መኪና ነበር፤ ዋጋው ከመጋዘኑ ዋጋ ይበልጣል። እኛ ግን ሄደን እህል በረንዳ ጠየቅን። ከወልድያና ከቆቦ እህል ይዘው የገቡ አይሱዙዎች ሲመለሱ ሁሉም ሙሉ ጭነት አያገኙም፤ ባዶ ከመመለስ ለነዳጅ የምትሆን ነገር ቢያገኙ አይጠሉም። አንድ ሾፌር «ጋሼ፣ ስንት ኩንታል ይሆናል?» አለኝ። ስድሳ የሚሆን ቆርቆሮ ሁለት ኩንታል ገደማ ነው፤ ሞራሌውና በሩ ሲጨመር ሁሉም አራት ኩንታል ቢሆን ነው። ይህን ስነግረው ሳቀ። እሱ መጋዘን ሲባል የመኪናውን አካል የሚሞላ ነገር መስሎት ነበር። በኩንታል አስልቶ፣ ሸቀጡን ከጫነ በኋላ የሚቀረውን ቦታ ሰጠን፤ የከፈልነው ደላላው ከጠራው ሩቡን አይደርስም። ዋጋውን ያወረደው «መጋዘን» ማለታችንን ትተን ኩንታል መቁጠራችን ነው።

ሾፌሩ የሥራውን ያውቅ ነበር። ሞራሌውን ከሥር አነጠፈ፣ ቆርቆሮውን በላዩ አስተኛ፣ ጠርዙ ገመድ እንዳይበጥስ በአሮጌ ጆንያ ሸፈነው። ከዚያ ፊቱንም ኋላውንም በሽብልቅ አጠበቀ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ጭነቱን ወደ ጋቢና ይገፋዋል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎ ዳገት ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ቆርቆሮ ባለበት ካልተያዘ በእያንዳንዱ ኩርባ እርስ በርሱ ይፋተግና ዚንኩ ይላጣል፣ የተላጠው ይዝጋል። በላዩ ሸራ ያለበሰውም ለንፋሱ ብቻ አልነበረም፤ ተደራርቦ የተቀመጠ ቆርቆሮ መሀሉ ውሃ ከገባ ቶሎ አይደርቅም፣ ነጭ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚመረጠው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ነው፤ በወሎ የበልጉ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ማለት ነው።

በመንገድ ላይ አጣዬ አለች። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ የተቃጠለችውን አጣዬን አሮጌ ቆርቆሮ ጭኖ ማለፍ ልብ ይነካል። ክዳን ምን እንደሆነ የዚያ አገር ሰው ይንገራችሁ። ደሴና ኮምቦልቻም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረታቸው ምን እንደሆነ አንባቢዬ ያውቃል። ሰው ከተፈናቀለበት ሲመለስ መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው ጣሪያውን ነው።

ወጪ የሚያስወጡ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም ከመነሣት በፊት ያልቃሉ። አንደኛው ወረቀት ነው። ያገለገለ ቆርቆሮና በር የጫነ መኪና ኬላ ላይ «የማን ነው?» መባሉ አይቀርም፤ የሻጭና የገዥ ውል ሁለት ምስክር የፈረመበት፣ ቢቻል የቀበሌ ማህተም ያረፈበት፣ በሾፌሩ እጅ መኖር አለበት። ሌላው ጫኝና አውራጅ ነው። በየከተማው የተደራጁት ወጣቶች እንጀራቸው ስለሆነ አልከራከራቸውም፤ ግን ዋጋው ዕቃው መኪና ላይ እያለ የሚነገር ከሆነ ባለዕቃው አማራጭ የለውም። የሰፈሩ ልጅ ቀድሞ ሄዶ አነጋግሯቸው፣ በቅጠል ሳይሆን በጠቅላላ ተስማምቶ ነበር። ደሴ ስንደርስ ክርክር አልነበረም።

ገራዶ ላይ የቀረው ሥራ የጅጌ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የቅሬው አባል ወጣ፤ መሠረቱ በአካባቢው ድንጋይ፣ ቋሚው ከአባላት ግቢ በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቆመ፤ ከመሬት የሚገባው ጫፍ በሬንጅ ተቀባ። ሴቶቹ ንፍሮና ቡና አቀረቡ። የጣሪያው ቆርቆሮ በቁጥሩ መሠረት ገባ፤ አዲስ ቀዳዳ ያስፈለገው የቋሚው ቦታ ትንሽ በተዛነፈበት በአንድ ጎን ብቻ ነው። ስራ ፈት የሆነው ቀዳዳ በትንሽ ሬንጅና በጨርቅ ተደፈነ። ሚስማሩ ሁሉ የተመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው፤ ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ እዚያ የተመታ ሚስማር መቼም ከማፍሰስ አያርፍም። አንዲት እናት አናጺውን «ልጄ፣ ይሄ ስንት ዓመት ይቆማል?» ብለው ጠየቁት። «እማማ፣ ካልገፉት እኔን ይበልጠኛል» አላቸው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ያ መጋዘን ለእኛ የደረሰው ባለቤቶቹ አፍራሹ ማሽን ሳይመጣ ቀድመው ስላወቁና ለመፍታት ጊዜ ስለነበራቸው ነው። በዚያው የአዲስ አበባ መንደር፣ ጥቂት ግቢ አለፍ ብሎ፣ በማሽን የተደፈጠጠ ቤት አየሁ። ከእኛ የተሻለ ወፍራም ቆርቆሮ ነበር፤ ተጨማዶና ተቀዳዶ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሏል። ለሌላ ቤተሰብ ክዳን ሊሆን ይችል የነበረው ለቆራሌው በኪሎ ተሸጠ። ዛሬ ደሴም ኮምቦልቻም የኮሪደር ልማት ሥራ ውስጥ ናቸው። መንገድ መስፋቱን አልቃወምም፤ የደሴን ፒያሳ በገበያ ቀን በእግሩ ያለፈ ሰው መንገድ ይስፋ ሲባል አይቃወምም። የምቃወመው ቤትና ሀብት አብረው መደርመሳቸውን ነው።

ስለዚህ ለሁለቱም ከተሞች ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ቤቱ ይነሣል የሚለው ማስታወቂያ ለባለቤቱ ሲደርስ፣ ለመፍታት የሚበቃ ጊዜ ከማሽኑ መምጣት በፊት አብሮ ይጻፍበት። አራት በስድስት የሆነ የቆርቆሮ ቤት አንድ አናጺና ሁለት ረዳት በሁለት ቀን ይፈቱታል፤ መኖሪያ ቤት ቢሆን ሳምንት ይበቃዋል። አቅም ለሌላቸው አረጋውያን በሥራ የተደራጁት የከተማው ወጣቶች ፈትተው ያውርዱላቸው፤ ለማሽን ነዳጅ ከሚወጣው ጥቂቱ ይበቃቸዋል። ቆርቆሮው፣ ሞራሌውና በሩ ለጊዜው የሚቀመጥበት አንድ አጥር ያለው ቦታ በየክፍለ ከተማው ይዘጋጅ፤ ባለቤቱ ካልወሰደው ለሚፈልግ ቅሬ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለተፈናቃይ ቤተሰብ በውል ይሰጥ። የገራዶው ቅሬ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ቦታ ከተከፈተ ለጎረቤት ቀበሌ ቅሬ ሁለተኛ መጋዘን ለማምጣት አናጺውንም ጅጌውንም እንደሚያዋጡ ነግረውኛል፤ ከደሴ ገራዶ ደግሞ ለአይሱዙ ምንም አይደለም።