ከቢስቲማ ሲደወል



ከወረባቦ የመጣን ተማሪዎች ይህን ስልክ እናውቀዋለን። «እስቲ እዚያ ያሉትን ሐኪሞች ጠይቅልኝ» ትላለች እናት ከቢስቲማ። እኛም የጤና ተማሪ ጓደኛችንን እንቀሰቅሳለን፤ የመድኃኒት ስም በቴሌግራም ይላካል። ደሴ መምጣት የመኪና፣ የምሳ፣ አንዳንዴም የአዳር ወጪ ስላለው ይገባናል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን ሐኪም አይደለም።

ስልክ አይጠቅምም አንልም። ኮሮና በገባ ጊዜ ሰው 8335 ላይ በነጻ ደውሎ ይጠይቅ ነበር። የስኳር ታማሚም ረመዷን ከመግባቱ በፊት ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ የሚከታተለውን ሐኪም በስልክ ቢያማክር ድካም ይቀርለታል። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃንና ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡር ግን በፎቶ አይታከሙም፤ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው እንበል።

አማናም አለ። የእናትን ቁስል ፎቶ ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ መልቀቅ ምን ይሉታል? የራሳቸው ስልክ የሌላቸው እናቶች ደግሞ የማህፀን ሕመማቸውን ስልኩን በያዘው ልጃቸው ፊት ሊናገሩ ነው። ዝም ይላሉ።

ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ በአፕሊኬሽን ብቻ የሚሰጥ ሕክምና ለቢስቲማ ገጠር አይሆንም። እኛ የምንመርጠው የጤና ኤክስቴንሽኗ በር ዘግታ እናትን ከጤና ጣቢያው ሐኪም ጋር በተራ ስልክ እንድታገናኝ ነው። ሴት ናት፣ ቤቱንም ታውቀዋለች። ለዒድ ስንሄድ የየቀበሌያችንን ኤክስቴንሽን ቁጥር ይዘን እንመለስ፤ ኢንሻአላህ እናት ስትደውል እሱን እንሰጣታለን።