ልጁ «ይሸታል» ሲል

በገበታ ዙሪያ ከሚነሡት ጭቅጭቆች አንዱ ይህ ነው። እናት ደክማ ያዘጋጀችውን ምግብ ልጅ አፍንጫውን ይዞ «ይሸታል» ይላል። ሌላው ቤተሰብ ግን እየጣመው ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱ «ሞልቃቃ!» የሚል ሲሆን ቁጣው፣ አንዳንድ ቤትም ኩርኩሙ ይከተላል። ልጁ ግን እውነቱን ሊሆን እንደሚችል እናቶች እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

ሽታን የሚለዩት በአፍንጫችን የላይኛው ክፍል ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ዓይነት ሽታ ተቀባይ ፕሮቲን ይይዛል፤ ይህም ፕሮቲን የሚሠራው ከወላጅ በሚወረስ ጂን ትእዛዝ ነው። ጂኖቹን እ.ኤ.አ. በ1991 ያስታወቁት አሜሪካውያኑ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በሰው ላይ የሚሠሩት ጂኖች 400 ያህል ሲሆኑ፣ ከሰው ሰው ይለያያሉ።

ድምብላልን እንውሰድ። በእኛ ወጥ ቤት ይበልጥ የሚታወቀው ፍሬው ነው። እርጥብ ቅጠሉን ግን አንዱ መዓዛውን ሲወደው፣ ሌላው «ሳሙና ሳሙና ይላል» ብሎ ይተፋዋል። ቀልድ አይደለም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት አልዲሃይድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በሳሙና ሽታም ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ይህን የሳሙና ስሜት ኦ.አር. 6 ኤ 2 ከሚባለው የሽታ ተቀባይ ጂን አጠገብ ከተገኘ ልዩነት ጋር አያይዞታል። እርግጥ ጂኑ ብቻውን አይወስንም፤ ልማድም ድርሻ አለው። ስለዚህ ልጁን ከመቆጣት በፊት ምን ምን እንደሚሸተው መጠየቅ፣ ቅጠሉንም ከምግቡ ሳይቀላቅሉ ለብቻው በሳሕን ማቅረብ ምን ያስከፍላል? የወደደ ይጨምርበታል።

ልዩነቱ ጨርሶ እስከ አለማሽተት ይደርሳል። በላብ ውስጥ የሚገኘው አንድሮስቴኖን ለአንዱ እንደ ሽንት፣ ለሌላው እንደ ቫኒላ ሲሸት፣ ለሦስተኛው ምንም አይሸትም። ኦ.አር. 7 ዲ 4 የተባለው ጂን በዚህ እጁ እንዳለበት በ2007 ታውቋል። ጉንፋንም አፍንጫን ያደነዝዛል። እንግዲህ ያደረ ወተት ወይም የሚያንጠባጥብ የላምባ ምድጃ ሲያጠራጥር የአንድ ሰው አፍንጫ አይበቃምና ሌላም ሰው ያሽተው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ለማንም አይሸትም፤ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።