ማኮብኮቢያ ሥር ትምህርት ቤት? ኧረ ካርታው አሁኑኑ ይውጣ!

ለመሆኑ አውሮፕላን በሚነሳበትና በሚያርፍበት መስመር ሥር ትምህርት ቤት ይሠራል ወይ? «ማን አብዶ!» ትሉ ይሆናል። ያበደ አያስፈልግም። መሬት ሲሸነሸን ዝም የሚል ሹም፣ ረከስ ያለ ቦታ የሚያነፈንፍ ባለሀብትና ልጁን ከቤቱ አጠገብ ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ከተገናኙ ትምህርት ቤቱ በአንድ ክረምት ይበቅላል። ከበቀለ በኋላ ደግሞ የሚነቅለው የለም።

ይህ ተረት አይደለም። ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ፣ ለልምምድ የተነሳ የአየር ኃይል ተዋጊ ጄት ማይልስቶን በተባለ ትምህርት ቤት ላይ ወደቀ። ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ አንድ ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 5 ቀን፣ በሕንድ አሕመዳባድ አንድ ቦይንግ 787 ከመሬት በተነሳ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ የሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች መኖሪያ ላይ ተከሰከሰ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት 242 ሰዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ምድር ላይ የነበሩ 19 ሰዎችም ሞቱ። ራቅ ካልን፣ በ1988 ዓ.ም. በኪንሻሳ ከማኮብኮቢያው መነሳት ያቃተው የጭነት አውሮፕላን ጥሶ የገባው ገበያ ውስጥ ነበር። ከ200 በላይ ገበያተኛ ፈጀ። ጥፋቱ የአብራሪ ይሁን የሞተር፣ እሱን መርማሪዎች ይወቁት። እኔ የምለው አንድ ነው፦ እነዚያ ሰዎች እዚያ ቦታ ባይቀመጡ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ።

«አውሮፕላን እኮ ከመኪና ይልቅ አስተማማኝ ነው» የሚል አዋቂ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ለተሳፋሪው! ነገር ግን አደጋ የሚበዛው በመነሳትና በማረፍ ሰዓት መሆኑን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ አደጋው በከተማው ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ የሚከማቸው በማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች ላይ ነው። ደግሞም ተሳፋሪው ቲኬቱን ቆርጦ፣ ፈቅዶ ነው የገባው። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ምን ፈቀደ?

አደጋው ቢቀርስ? ጩኸቱ አይቀርም። በ1984 ዓ.ም. የጀርመኗ ሙኒክ አሮጌውን ኤርፖርት ዘግታ አዲስ ስትከፍት ተመራማሪዎች በሁለቱም አካባቢ ያሉ ልጆችን ከመዛወሩ በፊትም በኋላም ፈተኗቸው። በአሮጌው ሰፈር ጩኸቱ ሲቆም የልጆቹ የማንበብና የማስታወስ ችሎታ ተሻሻለ። በአዲሱ ሰፈር ደግሞ ወደቀ። አስተማሪው «አንድ ጊዜ ይለፍ» እያለ ጠመኔውን ይዞ የሚቆምበት ክፍል ትምህርት ቤት ነው ወይስ የአውቶቡስ ፌርማታ?

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ቦሌ ሲሠራ ከከተማው ዳር ነበር፤ ዛሬ ከተማው ውጦታል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የተጫነ አውሮፕላን ረጅም ይንደረደራል፣ ቀስ ብሎም ነው ሽቅብ የሚወጣው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሳ በ6 ደቂቃ የተከሰከሰውና 157 ሰዎች ያለቁበት አውሮፕላን የወደቀው ቢሾፍቱ አጠገብ ማሳ ላይ ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ከታች የነበረው ማሳ ባይሆንና ትምህርት ቤት ቢሆንስ? አያድርስ ነው።

በኤርፖርት ዙሪያ የሕንፃ ከፍታ እንደሚገደብ ይታወቃል። ደግ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፦ የከፍታው ገደብ የሚጠብቀው አውሮፕላኑን ከሕንፃው ነው። ከሕንፃው ሥር ያለውን ሰው ከአውሮፕላኑ የሚጠብቀውስ ማነው? ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት እኮ የከፍታውን ፈተና በቀላሉ ያልፋል! እንግሊዞች በትልልቅ ኤርፖርቶቻቸው ጫፍ ላይ የሕዝብ ደኅንነት ቀጠና ብለው ከልለው እዚያ ውስጥ ሰው እንዳይበዛ ያደርጋሉ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከማኮብኮቢያ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመሥራት ቦታው አስቀድሞ በአቪየሽን ባለሙያ መመርመር አለበት።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ጊዜው ስላላለፈ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ፣ የአዲሱ ግዙፍ ኤርፖርት ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል። አራት ማኮብኮቢያ ይኖረዋል ተብሏል። አርሶ አደሮችም ከመሬታቸው ተነስተዋል። ኤርፖርት ባለበት ሠራተኛ፣ ሠራተኛ ባለበት ቤት፣ ቤት ባለበት ልጅ አለ። ትምህርት ቤት መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው የት ነው የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ሹማምንት ስሙ! ከእያንዳንዱ ማኮብኮቢያ ጫፍ ጀምሮ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የማይሠራበትን ቀጠና በካርታ ላይ አስምሩ። ካርታውን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት፤ ለሕዝብ አውጡት፤ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከመሬቱ የተነሳው ገበሬ ልጁ የሚማርበት ቦታ ከየትኛው መስመር ሥር እንደሚውል በገዛ ዓይኑ ይይ። ወረቀት ላይ መስመር ማስመር የሚፈጀው አንድ እርሳስ ነው። ሺህ ተማሪ የሞላበትን ግቢ ማንሳት ግን የማንም ሹም ወኔ አይችለውም። ሳይቃጠል በቅጠል!