«ፕሬዚዳንት ሆኖ አንድ መጽሐፍ ማስቆም አቃተው?»

ጥቅምት ላይ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ አንድ ሻይ ቤት ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠናል። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ኦቾሎ ነው። ስልኩን እያገላበጠ ቆየና ድንገት ቀና አለ።

«አጎቴ፣ ይሄ ቦልተን የሚሉት ሰውዬ ተከሰሰ።»

«የቱ ቦልተን?»

«የትራምፕ አማካሪ የነበረው። ድሮ መጽሐፍ ጽፎ ትራምፕ ሊያሳግደው ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸንፎ ነበር ይላል። እንዴት ነው ነገሩ? ፕሬዚዳንት ሆኖ አንድ መጽሐፍ ማስቆም አቃተው?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ወዲያው ቆመ። ልጁን የገረመው መሪው መክሰሱ አይደለም። መክሰስ ማስፈለጉ ነው። በእሱ አእምሮ ውስጥ መሪ የጠላውን መጽሐፍ ለማስቆም አንድ ስልክ መደወል ይበቃዋል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ከእኛ ታሪክ የወረሰው ነው። እና ጥያቄው በሻይ ቤት ወሬ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ እዚህ ላነሳው ወደድኩ።

ነገሩ እንዴት ነበር?

ጆን ቦልተን ከሚያዝያ 2018 እስከ መስከረም 2019 እ.ኤ.አ. የዶናልድ ትራምፕ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ነበሩ። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ያዩትን ጻፉ። መጽሐፉ ለትራምፕ ምንም የሚያስደስት ነገር አልነበረውም፤ ለምሳሌ ትራምፕ የቻይናውን መሪ በምርጫ እንዲያግዟቸው ጠይቀዋል ይላል። ትራምፕ አስተባበሉ፤ ሰውየውንም ውሸታም አሉ።

እስከዚህ የተለመደ ጭቅጭቅ ነው። ቀጥሎ ግን መንግሥት ሰኔ 16 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ሄደ። ክሱ «መጽሐፉ ስሜን አጠፋ» የሚል አልነበረም። «ሰውየው የመንግሥት ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሟል፤ የቅድመ ኅትመት ግምገማው ሳያልቅ ነው ለአሳታሚ የሰጠው» የሚል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ረቂቁን የመረመሩት ባለሙያ ከወራት በፊት ምስጢር የለበትም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዋይት ሐውስ ሌላ ሰው መድቦ እንደገና ያስመረመረው።

ከ4 ቀን በኋላ ዳኛ ሮይስ ላምበርዝ ወሰኑ። ቦልተንን አላሞገሷቸውም። እንዲያውም በአገር ደኅንነት ቁማር ተጫውተዋል፣ ከመጽሐፉ ያገኙትን ገንዘብ ሊያጡ፣ በወንጀልም ሊጠየቁ ይችላሉ አሉ። ግን ከ200 ሺህ በላይ ቅጂ ወደ መደብሮች ተልኳል፤ ጋዜጠኞች እጅ ገብቷል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። እግዱ ተከለከለ፤ መጽሐፉ በቀኑ ወጣ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ወደ 780 ሺህ ቅጂ ተሸጠ።

በዚያው ክረምት የትራምፕ የወንድማቸው ልጅ ሜሪ ትራምፕ ስለ ቤተሰቡ ጻፈች። አሁን ከሳሹ የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ትራምፕ ሆኑ። ምክንያታቸው በ2001 እ.ኤ.አ. በውርስ ጠብ ጊዜ የተፈረመ ምስጢር የመጠበቅ ውል ነው። ፍርድ ቤቱ ለጊዜው አገደ፣ ከዚያ አነሳው። መጽሐፉ በወጣበት ቀን ሽያጩ ወደ 950 ሺህ ደረሰ። ከ2 ዓመት በፊትም የማይክል ዎልፍን መጽሐፍ ለማስቆም የትራምፕ ጠበቆች ለአሳታሚው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። አሳታሚው ምን አደረገ? መውጫ ቀኑን በ4 ቀን አስቀደመው።

ለሻጭ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርም ይህንኑ አይተዋል። የቀድሞው ሰላይ ፒተር ራይት ማስታወሻ እንዳይታተም መንግሥታቸው እስከ አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ ተከራከረ፤ ተሸነፈ። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን ተቸበቸበ። ለአሳታሚው የተከራከረው ወጣት ጠበቃ ማልኮም ተርንቡል ደግሞ ከዓመታት በኋላ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው። አዎ፣ አቃተው። ያቃተው ግን ደካማ ስለሆነ አይደለም። «አይሆንም» የሚለው ሰው ስለነበረ ነው።

ሳይከሱ ማስቆም

ይህ ማለት ግን «ፍርድ ቤት ካለ መጽሐፍ አይታፈንም» ማለት አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያን እንይ።

ጆን ጊቶንጎ በፕሬዚዳንት ኪባኪ መንግሥት የፀረ ሙስና ኃላፊ ነበር። ከቤተ መንግሥት አጠገብ ተቀምጦ ሌብነቱን አየ፣ ቀዳ፣ አገር ጥሎ ወጣ። ታሪኩን ጋዜጠኛዋ ሚኬላ ሮንግ በ2009 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣችው። ናይሮቢ ላይ ማንም ባለሥልጣን እግድ ማውጣት አላስፈለገውም። መጽሐፍ ሻጮቹ ራሳቸው መደርደሪያቸው ላይ ማስቀመጥ ፈሩ። ለምን? ከዚያ በፊት አንድ ኃያል ፖለቲከኛ የመጽሐፍ መደብሮችን በስም ማጥፋት ከሶ ከባድ ካሳ አስከፍሏቸው ነበር። ደራሲ ብቻ አይደለም የተከሰሰው፤ ሻጭም ነው።

አያችሁ ብልሃቱን? ጸሐፊውን መምታት ጀግና ያደርገዋል። ሱቁን መምታት ግን ዝም ያሰኛል። የሮንግ መጽሐፍ በመጨረሻ በመንገድ አዟሪዎችና በፒዲኤፍ ኬንያን አዳረሰ። ሌላው ስንት መጽሐፍ ግን ሳይታይ ቀረ? እሱ አይቆጠርም።

እኛ ዘንድስ?

ወደ ቤት እንመለስ። በዓሉ ግርማን የማያውቅ አንባቢ የለም ብዬ አልገምትም፤ ስሙን የምታውቁት በጥቅስ ከሆነ ግን ታሪኩን አንድ ጊዜ በቅጡ እንንገረው።

በዓሉ ከውጭ ሆኖ ድንጋይ የሚወረውር ሰው አልነበረም። የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ የነበረ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ደረጃ የደረሰ የቤቱ ሰው ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲጀምር በፕሮፓጋንዳ ሥራ አሥመራ ሄደ። ያየውን «ኦሮማይ» በሚል ልብ ወለድ ጻፈው። በ1975 ዓ.ም. መጽሐፉን ያሳተመው የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። ማለትም በራሱ በመንግሥት በር ነው የወጣው።

ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ቆማ ተገኘች። እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ። ክስ የለም። የእግድ ማመልከቻ የለም። የዳኛ ስም የለም። ቦልተን «በፍርድ ቤት ረታሁ» ብለው መናገር ይችላሉ። በዓሉ የተሸነፈበት ችሎት እንኳ የለውም። መጽሐፉን ማን አስለቀመው? በየትኛው አንቀጽ? ይግባኝ የት ይባላል? ይህን የሚመልስ ወረቀት ያየ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ ሁለተኛው መልሴ ትንሽ ይከብዳል። መሪ መጽሐፍን በፍርድ ቤት ሲያሳድድ አስቀያሚ ነው። ያም ሆኖ ከሳሹ ይታወቃል፣ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ውሳኔው ይነበባል። የሚያስፈራው ጊዜ መሪው ፍርድ ቤት መሄድ የማያስፈልገው ጊዜ ነው።

የዚህ ጠባሳ ዛሬም በመጽሐፍ መደርደሪያችን ላይ ይታያል። የውስጥ አዋቂ መጽሐፍ የምንላቸውን ቁጠሩ። መንግሥቱ ኃይለማርያም «ትግላችን»ን የጻፉት ከስደት ነው። ፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን ያሳተሙት ከረጅም እስር ከወጡ በኋላ ነው። ተስፋዬ ገብረአብ «የጋዜጠኛው ማስታወሻ»ን፣ የቀድሞው ሚኒስትር ዴኤታ ኤርምያስ ለገሠ ስለ አዲስ አበባ የጻፈውን መጽሐፍ ያወጡት አገር ከለቀቁ በኋላ ነው። ወይ ከስደት፣ ወይ ከእስር በኋላ። በሥልጣን ላይ ስላለ መሪ፣ አገር ውስጥ ሆኖ፣ ከሥራው በለቀቀ በዓመቱ የጻፈ ባለሥልጣን ለማግኘት ብዙ መፈለግ ይጠይቃል።

ሕጉስ? ሕጉ ጥሩ ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚጠብቅ ገደብም ያስቀምጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስሙ ለጠፋ ሰው ካሳ ይፈቅዳል፤ የጻፈው ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳ ደግሞ፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካላደረገው በቀር፣ አይጠየቅም። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። ወረቀቱ አለ። ወረቀቱ የሚሠራው ግን «እከሳለሁ» የሚለው ባለሥልጣንም፣ «እከራከራለሁ» የሚለው ደራሲም፣ መጽሐፉን የሚሸጠው ባለ ሱቅም ችሎቱን ሲያምኑት ነው።

የኦቾሎ አለት

እዚህ ላይ ልጁን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ዱቡሻ ላይ አንድ ሰው ስለ ሽማግሌ መጥፎ ነገር ቢናገር ምን ይሆናል?»

«ሽማግሌው ተነስቶ ይመልሳላ!» አለኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን።

ኦቾሎን ለማታውቁ፣ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን አለት ላይ የተቀመጠች፣ የዓባያን ሐይቅ ቁልቁል የምታይ የጋሞ መንደር ናት። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ኖሮ ሸንጎዎቿን አጠና። ፖለቲካ ቦታ አለው፤ ቦታውም ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት አደባባይ ነው የሚል መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ፓሪስ ላይ የታተመው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመቱን ልብ በሉት፤ «ኦሮማይ»ም በ1983 እ.ኤ.አ. ነው ወጥቶ የተለቀመው። ፈረንሳዮች ስለ ኦቾሎ የአደባባይ ንግግር ሲያነቡ አዲስ አበባ ላይ መጽሐፍ ይሰበሰብ ነበር።

ዱቡሻን ገነት አድርጌ አልስልም። በድሮው ሥርዓት ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች እዚያ የመናገር ቦታ አልነበራቸውም። እነሱን ዝም ለማሰኘትም ክስ አላስፈለገም፤ ልማዱ በቂ ነበር። ቢሆንም አደባባዩ አንድ ነገር ያውቃል። ክፉ ቃል ሲነገርብህ መድኃኒቱ ቆመህ መመለስ ነው። የተናጋሪውን አፍ መያዝ ጥፋተኛ ያስመስልሃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የውስጥ አዋቂ የጻፈውን ሁሉ እንደ ወንጌል አትቀበሉ። ቦልተን ያወቁትን በ2019ኙ የክስ ሂደት ለምክር ቤቱ ከመመስከር ይልቅ ለመጽሐፋቸው አቆይተዋል ተብለው ተወቅሰዋል። የእኛዎቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ እጃቸው ንጹሕ የሆነው መጽሐፋቸው ውስጥ ብቻ ነው። ስታነቡ «ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንድ መጽሐፍ «ታገደ» ሲባል ከመጮኻችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ፤ ማን አገደው፣ በምን ሕግ፣ ይግባኝ አለው ወይ? መልስ ካለ ክርክር ነው፤ ተከራከሩ። መልስ ከሌለ ያኔ ነው የሚያሳስበው።

ቦልተንም ነገራቸው አላለቀም። በመጽሐፉ ላይ የቀረበው ክስ በ2021 እ.ኤ.አ. በባይደን ዘመን ተነሳ። ትራምፕ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. በማስታወሻዎቻቸው ምስጢር አሳልፈው ሰጥተዋል፣ ይዘው ቆይተዋል ተብለው በ18 ክሶች ተከሰሱ፤ ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል። ይህ ክስ ሕግ ነው ወይስ ቂም? እሱን ለመመዘን ቢያንስ የሚነበብ የክስ ወረቀት አለ።

ሻይ ሒሳባችንን ከፍለን ስንወጣ ልጁ ስልኩን አወጣ።

«አጎቴ፣ ‹ኦሮማይ› ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ አለ፤ ልላክልህ?»

«በታገደበት ዘመን ብትልክልኝ እጅህን እስምህ ነበር» አልኩት። «ዛሬ ግን በነጻ ይሸጣል፤ እንግሊዝኛው ትርጉም እንኳ በ2025 ወጥቷል። ሄደን እንግዛው። ያልታገደውን መጽሐፍ ደግሞ እኛ አንግደለው።»

ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፤ ግን አንተ ነህ የምትከፍለው» አለኝ። እሱም ክርክር ነው። ተሸነፍኩ።